ካፖርቱ ላይ ያለው ስም

ቅዳሜ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 1 ሰ.

በሬው በላ። እኔ ገና። ማርቆስ በ12 ሰዓት እመጣለሁ ብሎ ቀርቷል። የእሱ አንድ በሬ፣ የእኔ አንድ በሬ፣ አቀናጅተን እናርሳለን ከተባባልን ሁለት ዓመት ሆነን። በሁለት ዓመት አንድ ቀን በሰዓቱ አልደረሰም። ሲመጣ መጀመሪያ ይጸልያል፣ ቀጥሎ ያወራል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሥራ ትዝ የሚለው። ቀንበሩን አውጥቼ በሩ ላይ አቁሜለታለሁ። ይየውና ይፈር።

ትናንት ቀበሌ ሄድኩ። ለዲጂታል መታወቂያ። ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ልጅ ስሜን ኮምፒውተር ላይ ጻፈች። ደምሴ ወልዴ አየለ። አጠፋች፣ ደግማ ጻፈች።

“አባባ፣ እርስዎ እኮ ተመዝግበዋል።”

አልተመዘገብኩም አልኳት።

“ሲስተሙ ዳብል ነው የሚለው። ስም አንድ፣ አባት አንድ፣ አያት አንድ፣ ዓመተ ምሕረቱ ሳይቀር አንድ። ሌላ ሰው ከሆኑ ማስረጃ ይዘው ይምጡ።”

ሌላ ሰው ከሆንኩ! ማክሰኞ የካ. 11 ተመለስ ተብያለሁ።

ያኛውን ሰው አውቀዋለሁ። ከቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ሱቅ አለው። የጂንካ ሰው ሲለየን እሱን ደምሴ ባለሱቁ፣ እኔን ደምሴ ወታደሩ ይላል። እዚህ ደብተር ላይ ባለሱቁ ነው የምለው። ስሙን በጻፍኩ ቁጥር የራሴን የጻፍኩ ይመስለኛል፤ ያናድደኛል።

ማርቆስ መጣ። እየሳቀ።


ሰኞ የካ. 3፣ ከቀኑ 8 ሰ.

ሰው መጣብኝ።

አጥር እየጠገንኩ ነበር። ረጅም፣ ክስት ያለ፣ የጎማ ጫማ ያደረገ፣ በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው ያቺን ሲቀመጡባት መቀመጫ ሲተኙባት ትራስ የምትሆን የእንጨት በርጩማ የያዘ ሰው ከበሩ ቆመ። ዕድሜው ሃምሳ ያልፋል። አየኝ። እኔም አየሁት። የምሸጠው የለኝም፣ የምገዛውም የለኝም፣ እለፍ አልኩት። አፉን ከፈተ። የታች ሁለት ጥርሶቹ የሉም።

የእኔም የሉም። የኛ አገር ሰው በልጅነቱ ያስወልቃቸዋል። ጦር ሜዳ ጓዶቼ ማን በቡጢ መትቶህ ነው እያሉ ሲስቁብኝ ኖረዋል።

“ኤዎይ” አለኝ።

አንተ ደብተር፣ ይህን ስም አንተም አታውቀውም። ሚስቴ ሳታውቀው ሞተች። ልጄ አታውቀውም። ከአርባ ስምንት ዓመት በኋላ ነው የሰማሁት። ተሳስተሃል፣ ይህ የወታደሩ ቤት ነው አልኩና መዶሻዬን አነሣሁ። እሱ በርጩማውን መሬት ላይ አድርጎ ደጄ ላይ ተቀመጠ። እስከ አሁን እዚያው ነው።


ማክሰኞ የካ. 4፣ ጠዋት

አስገባሁት። ጎረቤት በር ላይ እየቆመ ሲያይ ስለመረረኝ ነው እንጂ አዝኜ አይደለም።

ስሙ ሎኪሩ። ወንድሜ ነኝ ይላል። እኔ ስወጣ እናቴ ጀርባ ላይ ነበር። ኦሞራቴ ያለ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ጥርሱ እንደናንተ የወለቀ የድሮ ወታደር ጂንካ አለ ብሎ ነገረው። በዚህ ብቻ ወንዝ ተሻግሮ መጣ። ከኬንያ በኩል፣ ከቱርካና ምድር።

አማርኛውን ኦሞራቴ ገበያ ነው የለቀመው። ይሰባብረዋል። እኔ ደግሞ በቋንቋችን ልመልስለት ሞከርኩ። ከትከት ብሎ ሳቀ። እንባው እስኪመጣ። ምን ያስቅሃል ብለው፣

“አንተ ሽማግሌ፣ አፍህ ልጅ! ፍየል ጠባቂ ልጅ እንዲህ ያወራል” አለኝ።

እውነቱን ነው። ቋንቋዬ ከሄድኩበት ቀን ወዲህ አላደገም። ስለ ፍየል፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ረኀብ መናገር እችላለሁ። ስለ ሚስት፣ ስለ ቤት፣ ስለ ሞት የሚሆን ቃል የለኝም። ይህ ግን ያስቃል? አስወጥቼው ነበር። ውጭ ሆኖም ይስቃል።


ያው ቀን፣ ከቀኑ 11 ሰ.

የመጣበትን ተናገረ። አሳጥሬ ልጻፈው።

በኛ አገር ወንድ በሬ በጦር ወግቶ ሽማግሌዎችን ካላበላ ሰው አይባልም። ቢያገባም፣ ቢወልድም፣ ቢሸብትም ልጅ ነው። ሥጋ ሲበላ ወንዶቹ በግማሽ ክብ በማዕረጋቸው ይቀመጣሉ፤ እሱ ከልጆች ጋር ዳር ነው። ታናሽ ደግሞ ከታላቁ ቀድሞ አይወጋም። ታላቅ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ሎኪሩ ሃምሳ ዓመት አልፎት ልጅ ነው። ከሱ በታች ያሉት ሁለቱም ልጆች ናቸው። የሎኪሩ የበኩር ልጅም ጺም አብቅሎ አባቱን ይጠብቃል።

“ሰው ሁሉ አለ፣ ኤዎይ ሞተ። አባት እምቢ። አባት አለ፣ ሬሳ የታል? ላም ለየ፣ የኤዎይ ላም። ላም ወለደ፣ በሬ አደገ፣ በሬ አረጀ። ሌላ በሬ። አረጀ። አሁን አምስተኛ በሬ። እኔ ቁጭ። ከልጆች ጋራ።”

አባቴ ባለፈው ዝናብ ሞተ። ይህንንም እንደ ሌላው ወሬ እያላመጠ ነገረኝ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነገር ብለውታል። ወይ ኤዎይ ይምጣና ይውጋ። ወይ ሰውነቱ ላይ የዋለ ልብስ አምጣና እንቅበረው። ያኔ ኤዎይ ሞተ ይባላል፣ ሎኪሩ ታላቅ ይሆናል።

“አንተ ምረጥ” አለኝ። “እኔ ደከመኝ።”

የደከመው እሱ!

በዚህ ዕድሜዬ ሄጄ፣ የልጆቼ እኩያ በሆኑ ሰዎች ፊት እንደ ልጅ ልቁም? አሥራ አራት ዓመት የተዋጋሁ ሰው? ጦርነት ላይ ምን ሠራህ አለኝ ሎኪሩ። ሰው ወግቻለሁ አልኩት።  “ሰው አይቆጠርም። በሬ ነው” አለ።


ረቡዕ የካ. 5

ልጄ ትዕግሥት ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትወጣ መጣች። ሰውየውን አየችው። አፉን አየችው። ከዚያ የእኔን።

“አባዬ፣ ማነው?”

ሥራ ፈላጊ ነው አልኳት። ሎኪሩ ደግሞ ዝም አይልም፤ “ወንድም” አላት። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኳትን ሁሉ በአንድ ቃል አፈረሰው። ጥርሴ በአደጋ ነው የወለቀ ብያት ነበር። የወልዴ ዘመድ ነኝ ብያት ነበር። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለምን እንደምታለቅስ አልጠየቅኳትም። ቆይታ እሷ ጠየቀች። ነገርኳት። አንዴ ከተናገርኩት ለአንተም ልጻፍልህ።

በረኀቡ ጊዜ አጎቴ ይዞኝ ወንዙን ተሻገረ። ጂንካ ድረስ አመጣኝ። አቶ ወልዴ የሚባል ነጋዴ ቤት ትቶኝ፣ ሁለት ጆንያ በቆሎ ተሸክሞ ተመለሰ። ጥጃ እጠብቅ፣ ውኃ እቀዳ ነበር። የለበስኳትን የፍየል ቆዳ አውልቀው ምድጃ ውስጥ ጨመሯት።

በ69 ሚሊሺያ ሲመለመል ከየቤቱ አንድ ሰው ተጠየቀ። ከአቶ ወልዴ ቤት ልጁ ደምሴ ወጣበት፣ አሥራ ስምንት ዓመቱ። አቶ ወልዴ እኔን አጥቦ፣ ራሴን ላጭቶ፣ ሸሚዝ አልብሶ፣ ሰው ሲጠራ አቤት በል ብሎ ላከኝ። ደምሴ ወልዴ አየለ ተብሎ ተጠራ። አቤት አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አቤት እያልኩ አለሁ።

ዕድሜዬ? አላውቅም። አሥራ ሦስት ይሆናል። ጠመንጃው ከነሳንጃው ከእኔ ይረዝም ነበር። መዝጋቢው አየኝና ሳቀ። “ያድጋል” ብሎ ጻፈ። አሥራ ስምንት።

ምሥራቅ ግንባር ንጉሤ የሚባል ጓዴ ምሽግ ውስጥ በጥይት ሣጥን ክዳን ላይ በከሰል ፊደል አስቆጠረኝ። “ተ” ላይ ስንደርስ ሞተ። የቀረውን ራሴ ነው የተማርኩት፤ ማንም አላስተማረኝም።

በ83 ጦሩ ሲበተን ጂንካ በእግሬ ገባሁ። ሌላ የማውቀው ከተማ የለም። የዘር መጋዘን ዘበኛ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ጡረታ ወጣሁ። አቶ ወልዴ ሞቶ ነበር። ልጁ ሱቁ ውስጥ ወፍሮ ተቀምጧል። በየዓመት በዓሉ ሥጋ ይልክልኛል። በየዓመት በዓሉ እመልሳለሁ።

ትዕግሥት ሰምታ ስትጨርስ፣ ይሂዱ አለችኝ። ለአባቷ ትእዛዝ መስጠት ከየት ተማረች? አልሄድም አልኳት።


ሐሙስ የካ. 6፣ ከረፋዱ 5 ሰ.

ጨረስኩት። ካፖርቴን ሰጠሁት። ወታደራዊው፣ ከ72 ጀምሮ የለበስኩት፣ እጅጌው ላይ የተጣፈው።

ያው፣ ቅበሩኝ አልኩት። ኤዎይ ሞቷል። ሂድና ታላቅ ሁን።

ሎኪሩ በሁለት እጁ ተቀበለ። አልሳቀም። “ተናገር” አለኝ። በቋንቋችን ኤዎይ ሞቷል በል፣ ሽማግሌዎች ምን አለ ይሉኛል አለ። የመሞት ቃል ጠፋብኝ። የማውቀው ፍየል ሲሞት የሚባለውን ነው። እሱኑ አልኩ። ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣለ፣ በርጩማውን ያዘ፣ ሄደ።

ማርቆስ በሰዓቱ መጣ ዛሬ። የሚገርም ነው። እርሻው ጥሩ ሄደ። ምንም አልተሰማኝም።


ቅዳሜ የካ. 8፣ ከረፋዱ 4 ሰ.

ይህን ቀን መጻፍ አለብኝ።

ማርቆስ አፉ አያርፍም። ሐሙስ የካፖርቱን ነገር ነግሬው ነበር፤ ገበያ ላይ አውርቶታል። ባለሱቁ ሱቁን ሳይዘጋ፣ በነጠላ ጫማ እየሮጠ መጣ። ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ ደጄን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ትንፋሹ ተቆራርጧል።

“ካፖርቱን ለመቃብር ሰጠኸው?”

አዎ አልኩ።

“አንገትጌው ውስጥ ምን ተጽፏል?”

እኔ አላሰብኩትም። እውነቴን ነው፣ ደብተር፣ አላሰብኩትም። በጥቁር ቀለም፣ በእጄ፣ እንዳይሰረቅ ብዬ የጻፍኩት ነው። ደምሴ ወልዴ አየለ።

“የእኔ ስም! የአባቴ ስም! የአያቴ ስም! ጉድጓድ ውስጥ ሊከቱት! በቁሜ ልትቀብረኝ ነው? ምን አድርጌህ ነው?”

ምን አድርጌህ ነው ሲለኝ ሳቅሁ። መቼ እንደዚያ እንደሳቅሁ አላስታውስም። ያ ወፍራም ሰው፣ ከሐኪም ቤት የማይጠፋው፣ ስኳሩንና ደም ግፊቱን ሲቆጥር የሚውለው፣ ስሙን ቱርካና ምድር ሊቀብሩበት ነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

“ሳቅ” አለኝ። “ሳቅ። አንተ ግንባር ሳለህ እናቴ በየወሩ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለደምሴ ስለት ትሳል ነበር። እኔ አጠገቧ ቆሜ። ለኔ አይደለም፤ ስሙ ጦር ሜዳ ነው፣ ስሙን ጥይት እንዳይነካው ብላ ነው። የተረፍከው በዚያ ነው።”

ጸሎቱ ለስምህ፣ ጥይቱ ለእኔ አልኩት።

 ተቀመጠ። ሎኪሩ የተቀመጠበት ቦታ ላይ፣ የበሩ ደፍ ላይ። በዝቅተኛ ድምፅ፣ “አውቃለሁ ወንድሜ” አለ። ወንድሜ አትበለኝ ብዬ ጮኽኩበት። ተነሣ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ፣

“ሰው በቁሙ ሞቷል ማለት ግን ደግ አይደለም። ያንተም ይሁን የእኔ” አለና ሄደ።

አንዱን ነጠላ ጫማ ትቶት ሄዷል። አልወሰድኩለትም።


እሑድ የካ. 9

ቀኑን ሙሉ ማሰብ።

ባለሱቁ የተናገረው እውነት ነው ማለት ይተናነቀኛል። ግን እውነት ነው። ነገሩን እንደ ሕግ ልየው።

አንድ። በ69 አንድ ውሸት ተጻፈ። ዕድሜው ውሸት፣ ስሙ ውሸት። እኔ አልጻፍኩትም፤ ልጅ ነበርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ውሸት የጻፉትን ሰዎች ስረግም ኖርኩ።

ሁለት። ሐሙስ ዕለት ሌላ ውሸት ተነገረ። ቆሞ የሚሄድ፣ በሬ የሚጠምድ ሰው ሞቷል ተባለ። ይህን ማን ተናገረ? እኔ። በገዛ አፌ፣ በልጅነቴ ቋንቋ። ማንም አላስገደደኝም።

ሎኪሩ በዚህ ውሸት በሬ ይወጋል። ሽማግሌዎቹን በዚህ ውሸት ያበላል። ልጁ በዚህ ይቀጥላል። የሚቀበረውም የሌላ ሰው ስም ያለበት ካፖርት ነው። ይህ ከአቶ ወልዴ ሥራ በምን ይሻላል? በምንም።

አባቴ ሬሳ የታል ብሎ እምቢ አለ። እምቢተኝነቴ ከየት እንደመጣ ዛሬ አወቅሁ። እሱ በእምቢታው ሦስት ልጆች ልጅ አድርጎ አስቀረ፤ ትክክል ነበር አልልም። ግን አልዋሸም።

እሄዳለሁ። ናፍቆኝ አይደለም። ይህን በደንብ ያዝ።

ትዕግሥት ስነግራት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ተይ አልኳት።


ሰኞ የካ. 10፣ ካኮ፣ ከረፋዱ 5 ሰ.

መኪና እየጠበቅሁ ነው። ዛሬ ገበያ ነው፤ ሰውና ፍየል መንገዱን ዘግቶታል። ቱርሚ የሚወርድ አይሱዙ አለ፣ ሹፌሩ ምሳ እየበላ ነው፤ ከጀመረ አንድ ሰዓት ሆነው።

በሬውን ለማርቆስ አስረከብኩ። ውኃ በ12፣ ድርቆሽ በ1፣ ቀንበሩ ጥላ ውስጥ፣ አልኩት። “እሺ ጋሼ፣ እጸልይልዎታለሁ” አለ። በሰዓቱ ጸልይ አልኩት።

ጠዋት የባለሱቁን ነጠላ ጫማ ይዤ ወጣሁ። ሱቁ በር ላይ አስቀመጥኩት። እሱ ውስጥ ነበር፤ ሲያየኝ ደነገጠ። ካፖርቱን ላመጣ ነው የምሄደው አልኩት፤ ስምህን አትፍራ።   የቆርቆሮ ውኃ መያዣ ከመደርደሪያ አውርዶ በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። የወታደር ኮዳ ዓይነት። መውሰድ አልነበረብኝም። ቆላው ግን ውኃ የለውም፤ ወሰድኩ።

ይህ ማለት ታርቀናል ማለት አይደለም።

እዚህ አንድ ፀጉር አስተካካይ ዛፍ ሥር አለ። ራሴን አስላጨሁ። ሎኪሩ በሬ የሚወጋ ሰው ተላጭቶ ነው የሚገባው ብሎኝ ነበር። መስታወት ሰጠኝ። ሽበት ሲሄድ የቀረው ራስ ያው ያኔ የተላጨው፣ ሸሚዝ ለብሶ አቤት ያለው ልጅ ራስ ነው። መስታወቱን መለስኩለት።

ሹፌሩ ተነሣ።


ማክሰኞ የካ. 11፣ ኦሞራቴ፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ቀበሌ የተቀጠርኩት ዛሬ ነበር። ይቅር። ያ ስም አንድ ባለቤት ይበቃዋል።

ሙቀቱ አያናግርም። ከወንዙ ወዲህ ግራር ሥር ሰው ተቀምጧል። በዚህ ሐሩር ካፖርት ለብሷል። እስከ አንገቱ ቆልፎታል። ላቡ ከአገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ሰው እያለፈ ይስቅበታል።

አራት ቀን እዚህ ምን ትሠራለህ፣ ለምን አልተሻገርክም አልኩት።

“ከባድ” አለኝ። “ተሸከምኩ፣ እጅ ደከመ። ለበስኩ።”

እብድ ነህ አልኩት። ካፖርቱን በእጁ መታ አደረገ።

“የሞተ ሰው ልብስ ሰው አይለብስም። እኔ ለበስኩ። ገባህ?”

ገባኝ።

አውልቀው አልኩት፣ ትሞታለህ። “አንተ ሞተ ብለህ፣ እኔን ትሞታለህ?” ብሎ ሳቀ። ሁለታችንም የታች ጥርስ የለንም። ሳቅሁ መሰለኝ። አላረጋግጥም።

ነገ ጠዋት እንሻገራለን። ከዚያ ሁለት ቀን የእግር መንገድ ነው። በሬው ነጭ ነው፣ ጆሮው ብቻ ጥቁር ነው ይላል። ስንደርስ ከልጆች ጋር ዳር ያስቀምጡኛል። ከአሥራ ምናምን ዓመት ልጆች ጋር። ይስቁብኝ ይሆናል። በሕይወቴ ተቀመጥ ስባል ቆሜ ነው የኖርኩት። ተቀመጥ ካሉኝ እቀመጣለሁ።

ሎኪሩ ጂንካ ሲመጣ እዚህ ትቶት የነበረውን ጦር ይዟል። አያያዙን ላሳይህ ይላል። አሥራ አራት ዓመት ሳንጃ የያዝኩ ሰው ነኝ፣ አንተ ታሳየኛለህ ወይ ብዬ ተቆጣሁ። እንዲያው ያዝ አለኝ። ያዝኩ። እጄን ተመለከተ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታ፣ ሌላ ቦታ ላይ መልሶ አጠፋቸው። ተሳስቼ ነበር። ያ አያያዝ የሰው ነው፣ የበሬ አይደለም አለ።

እንደገና ያዝ ይለኛል። ብዕሩን አስቀምጥ ይለኛል፣ በአንድ እጅ አይሆንም፣ ና ይለኛል፣ ኤዎይ ይለኛል፣ እሺ